ደሴን የሚያስፈራ ጠፈር

ወሎዬን ማስፈራራት ከባድ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ እሑድ ባላባከንሁ ነበር። ማንም አልነገረኝም። እኔም ቢነገረኝ የምሰማ ሰው አይደለሁም። እናቴ "ይሄ ልጅ ወንዙን ሳያይ ሱሪውን ይሰበስባል" ትለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም ሱሪዬ እንደተሰበሰበ ነው።

ቀን ቀን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ማደሪያዬ ደግሞ ደሴ፣ እትዬ ዘሐራ ግቢ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሙቀት ይፈጀኛል፣ ማታ ሐረጎን ወጥቼ ብርድ ይቆላኛል። ጃኬቴን ልልበስ ወይስ ላውልቅ እያልሁ እድሜዬ ሄደ። እሑድ እሑድ ግን የትም አልወርድም፤ ክፍሌ ውስጥ ሦስት ሰው ሰብስቤ ጨዋታ አጫውታለሁ።

ምን ጨዋታ ነው ብትሉኝ፣ ለእትዬ ዘሐራም ለማስረዳት ሞክሬ ላቤ ጠብ ብሏል። ኳስ የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ገንዘብ አይያዝበትም። ጠረጴዛ ከብቦ ማውራት ነው። እኔ ተራኪው "በሩ ተከፈተ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ የሆነ ነገር ይተነፍሳል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" እላለሁ። እነሱም አንዱ ካፒቴን፣ አንዱ መካኒክ፣ አንዷ ዶክተር ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ይሳካላቸው አይሳካላቸው ዕጣ ይወስነዋል። በውጭ አገር ለዚህ ሥራ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ፣ እየወረወሩ ቁጥር የሚያነቡበት ጠጠር፣ አላቸው አሉ። እኔ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ዞሬ "ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ አለ?" ብል አንዱ ባለሱቅ "ሃያ ገጽ ደብተር ነው የምትለው?" አለኝ። ስለዚህ ወረቀት ቆራርጬ ከአንድ እስከ ሃያ ጻፍሁና ጠቅልዬ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጨመርሁት። ትልቅ ቁጥር የወጣለት ይተርፋል፣ ትንሽ የወጣለትን የሚተነፍሰው ፍጡር ይበላዋል። ዕጣውን አውጥቼ ከአንድ የፓስታ ካርቶን ኋላ ሆኜ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ ደንቡ ተራኪው ምስጢር ይጠብቅ ይላል። እትዬ ዘሐራ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፣

"ታዲያ ምን ታገኙበታላችሁ?" አሉኝ።

"ፍርሃት።"

"እሱን ከፈለግህማ ገበያ ወጥተህ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቅ" ብለውኝ ወደ ጓዳቸው ገቡ።

ሦስቱን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። ሰይድ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ በየቀኑ ሲያመላልሰኝ ነው የተወዳጀነው። መላኩ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ነጠላውን እንደለበሰ ይመጣል። ሦስተኛዋ ሐያት ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ስለ ሐያት ብዙ አልናገርም። ውሸቴን ነው፣ እናገራለሁ። ሐያት የታመመ ሰው ሲመጣባት "አብሽር" የምትልበት አንዳች አባባል አላት። እሱን ለመስማት ስል ራሴን ሳያመኝ የራስ ምታት ኪኒን ስገዛ ከርሜ ቤቴ ራሱ መድኃኒት ቤት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንድ ቀን ኪኒኑን ስትሰጠኝ "የሚያስፈራ ነገር ደስ ይለኛል፤ ግን የሚያስፈራኝ ጠፋ" አለችኝ። ይኸው ነው። በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ ተደፍቼ ስለ ጠፈር አስፈሪ ጨዋታ የማነብ ሰው ሆንሁ።

ጣጣው መቼቱ ላይ ነው። አስፈሪ ጨዋታ አስፈሪ ስፍራ ይፈልጋል፤ ያነበብሁት ሁሉ "ሩቅ ይሁን፣ ጨለማ ይሁን፣ ቢጮኹ የሚሰማ አይኑር" ይላል። እኔም እሺ ብዬ ለመጀመሪያው እሑድ የጠፈር መርከብ መረጥሁ። ከምድር የትና የት የራቀች፣ መብራቷ የሚርገበገብ፣ ሠራተኞቿ ከረጅም እንቅልፍ ገና የነቁ መርከብ።

"ሾፌሩ እኔ ነኝ" አለ ሰይድ ገና ሳልጨርስ።

"ካፒቴን ነው የሚባለው።"

"ይባል። ረዳቴ ማነው?"

"ረዳት የለህም።"

"ያለ ረዳት? ታዲያ በሩን ማን ይዘጋል?"

መላኩ ደግሞ ከእንቅልፍ የነቃነው በየትኛው ወር ነው፣ ጾም ገብቷል አልገባም ብሎ ያዘኝ። ጠፈር ላይ ረቡዕና ዓርብ በምን እንደሚለይ ያነበብሁት ነገር አይናገርም። ስንከራከር የመርከቧ መብራት ለምን እንደሚርገበገብ ራሴም ረሳሁት። እንደምንም ብዬ ወደ ቁም ነገሩ ደረስሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "መተላለፊያው ጫፍ ላይ አንድ ፍጡር አጎንብሷል። የሥራ ባልደረባችሁን እየበላ ነው። ቀና ብሎ... አያችሁ" አልሁ።

ሦስቱም ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። ፈሩልኝ ብዬ ልቤ ሊዘል ሲል ሰይድ፣

"እንብላ አላለም?" አለ።

"ምን?"

"ሰው ሲደርስበት እየበላ ነው አላልህም? እንብላ አላለም?"

"ሰይድ፣ ፍጡር ነው እኮ!"

"ፍጡርስ ቢሆን! ባለጌ ነው።"

"አሳዳጊ የበደለው ነው" ብሎ መላኩ አጸናለት።

ሐያት ከትከት ብላ ሳቀች። በመሳቋ ደስ አለኝ፣ ደስ በማለቴ ደግሞ በገንሁ። ሰይድ ፍጡሩን ሊገሥጸው ሄደና ተበላ። መላኩ "ሬሳ ወድቆ አይቀርም፣ ቀብር እደርሳለሁ" ብሎ ሄደና ተበላ። የሐያት ዶክተር ብቻዋን ቀረች። ጣሳውን ነቅንቄ፣ ዕጣውን አውጥቼ፣ ከካርቶኔ ኋላ ፈታሁት። ሦስት ይላል። ወረቀቱን አየሁት። ሐያትን አየኋት። ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ትጠብቀኛለች። ዛሬ ብትሞት በሚቀጥለው እሑድ ምን ሊያመጣት ነው?

"አሥራ ሰባት!" አልሁ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅም። ሰይድና መላኩ አጨበጨቡ። ሐያትም "አያችሁ? እኔን አይችለኝም!" ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። አንዴ የዋሸ ሰው ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ሁለተኛውን እንደ ወዳጅ ነው የሚያገኘው።

ሳይፈሩ የቀሩት መርከቧ ሩቅ ብትሆን ነው ብዬ፣ ለሁለተኛው ጊዜ ወደ ቅርብ መጣሁ። እዚሁ ደሴ አጠገብ ባለው ሐይቅ ውስጥ፣ ከውኃው በታች የተሠራ ቤተ ሙከራ። መላኩ ነጠላውን አስተካክሎ "ሐይቅ ገዳም አለ፤ እዚያ ሰው በላ ማስገባት አይቻልም" አለ። ሰይድ ደግሞ "ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖርማ ዓሣ አጥማጆቹ ድሮ ጠብሰው ይሸጡት ነበር" አለና ከሎሚ ጋር ወይስ ከዳጣ ጋር እንደሚጥም ሲያወራ እኔንም ራበኝ። በቀጣዩ "ኮምቦልቻ ከመቶ ዓመት በኋላ" አልሁ፤ ማሽኖቹ ነፍስ ዘርተው ሰው እያደኑ የሚገድሉባት ከተማ። በዚያን ጊዜ ደሴ ትበልጣለች ወይስ ኮምቦልቻ ትበልጣለች በሚል ጠብ ተነሥቶ ማሽኖቹ በር ላይ ቆመው ዋሉ። ከዚያ ደግሞ የጉም ፕላኔት አመጣሁ፤ የገባ የማይወጣበት፣ እጅህን ዘርግተህ የማታይበት ነጭ ጉም። ሦስቱም ተያዩና "ይሄማ ሐምሌ ነው" አሉ። የደሴን ሰው በጉም ማስፈራራት ዓሣን በውኃ ማስፈራራት መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ።

በዚህ ሁሉ መሐል ሐያት አልሞተችም። ዕጣዋ እንዴት ያለ ጠማማ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ አንድና ሁለት ላይ ነው የምታርፈው። እኔም እንደ ዕቃ ዋጋ ቁጥሯን ከፍ ከፍ ሳደርግ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ በራ፣ አካሄዷ ተለወጠ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ሳል ለያዘው ሰው ሁሉ "እኔን ጠፈር ላይ አራት ፍጡር አልቻለኝም" እያለች ሽሮፕ እንደምትሸጥ ሰማሁ።

በመጨረሻ ሰይድ አንድ እሑድ ተነሥቶ እጁን አራገፈ። "ስማ ወንድሜ፣ ፍርሃት አለ ብለህ ነው የሰበሰብኸን። እኔ ሐረጎን ስወርድ ፍሬን ስነካ ከዚህ የበለጠ እፈራለሁ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሰው እንኳ ካላስፈራህ እኔ ኳስ ማያ ቤት ነኝ።"

"እኔም" አለ መላኩ።

"ኳስ ከሆነማ እኔ አልመጣም፤ ሐርቡ እህቴ ጋ ነው የምውለው" አለች ሐያት።

ሐርቡ ያለችው እህቷ አንድ አይሱዙ ያለው ሰው አዘጋጅታ "መጥተሽ እዪው ብቻ" እያለች እንደምትወተውታት ሰይድ ነግሮኛል። አይሱዙ እኮ ፍየል ከነጌታዋ ይጭናል፤ እኔ ያለኝ አንድ ጣሳ ወረቀት ነው። እሑድ ከቀረች ሐያት ቀረች። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ሰው ማስፈራራት ለእኔ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ጉዳይ ሆነ።

መቼት መምረጥ አቆምሁና ተመልሼ ያችኑ መርከብ ያዝሁ። የጎደለው የፍጡሩ ድምፅ ነው ብዬ ከሥራ ስመለስ ባዶ ጀሪካን አፌ ላይ ደቅኜ መለማመድ ጀመርሁ። "ራበኝ... ቆዳህን አውልቅልኝ... ራበኝ..." ጥሩ አድርጎ ያስተጋባል፤ ለራሴም ትንሽ ሰቀጠጠኝ። ያላወቅሁት እትዬ ዘሐራ ከመስኮቴ ሥር በርበሬ እያሰጡ መሆኑን ነው። በሬን አንኳኩተው "ምን ሆነሃል?" ቢሉኝ ምን ነበረበት? እሳቸው ግን በርበሬውን ጥለው ሸህ እንድሪስ ዘንድ ገሠገሡ። ሸህ እንድሪስ የሰፈሩ አበጋር ናቸው፤ ደም የተቃባ ሳይቀር ቁጭ አድርገው የሚያስታርቁ ሽማግሌ። በዚያ ላይ የዕቁባችን ዳኛ ናቸው።

እሑድ ደረሰ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድሁ። ሰይድና መላኩ አዲስ ሠራተኛ ሆነው ገቡ፤ ሐያት ያችው የማትሞት ዶክተር ናት። ፍጡሩ ከመርከቧ በር ማዶ ቆሟል። ጀሪካኔን አነሣሁና "ራበኝ..." ከማለቴ በሩ ተንኳኳ።

"ግባ!" አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። አያችሁልኝ? የጠፈር ፍጡር ነው ብለው እንኳ የሚያንኳኳን ሰው ውጭ ማቆም አልቻሉም።

ሸህ እንድሪስ ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡ፤ እትዬ ዘሐራ ከኋላቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው። ሁላችንም ብድግ አልን። ሰላምታው አልቆ፣ የቤት የጎረቤቱ ደኅንነት ተጠይቆ ሲያበቃ፣

"የታለ?" አሉ ሸሁ።

"ማን አባቴ?"

"ራበኝ የሚለው።"

ጀሪካኑን አሳየኋቸው። ጨዋታ መሆኑን፣ መርከቧን፣ ፍጡሩን፣ ጣሳውን ሁሉ አስረዳሁ። እትዬ ዘሐራ "ጀሪካን ቆዳህን አውልቅ አይልም! እኔ የጂን ድምፅ አውቃለሁ" ብለው ድርቅ አሉ። ሸሁ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና "ጨዋታ ከሆነ ቀጥሉ፣ ልስማው" አሉ። ቀጠልን። አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

"ይሄን ፍጡርና እነዚህን ሰዎች ምንድን ነው ያጣላቸው?" አሉ።

"ይበላቸዋል።"

"ለምን?"

"ስለሚርበው።"

"ራበኝ ሲል የሚበላ ነገር ሰጣችሁት?"

መላኩ "እውነት ነው፣ አልሰጠነውም" አለ፤ መምህር ነው፣ ሲሳሳት ያምናል።

"እንግዲያ ጥፋቱ ከሁለት ወገን ነው። ይታረቁ" አሉ ሸህ እንድሪስ።

ለወሎ ሰው አበጋር "ታረቁ" ካለ አበቃ። ሰይድ ወዲያው በግ ማን እንደሚያመጣ መጠየቅ ጀመረ። ያን ሁሉ ሳምንት በጀሪካን ያሳደግሁት አውሬ ዓይኔ እያየ ሊመረቅ ነው! ሐያት ሐርቡ ስትወርድ ታየችኝ። ቶሎ ብዬ፣

"አባቴ፣ መታረቅ አለመታረቁን የሚወስነው ዕጣ ነው። ሐያት ናት በሩን ከፍታ የምታናግረው። ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይታረቃል፣ ትንሽ ከወጣ ይበላታል" አልሁ።

"ዕጣ ደግ ነው። ዕጣ አያዳላም። አውጣ።"

አወጣሁ። ካርቶኔ ኋላ ጎንበስ ብዬ ፈታሁት። አራት ይላል። "አሥራ ስ—" ከማለቴ፣

"ቆይ!" አሉ። "ከምን ኋላ ነው የምታነበው?"

"ከካርቶን ኋላ።"

"ዕጣ? ከካርቶን ኋላ?" ፊታቸውን ወደ እትዬ ዘሐራ አዞሩ። "ይሄን ያህል ዘመን ዕቁብ ስዳኝ ዕጣ ተደብቆ ሲከፈት አይቼ አላውቅም። ዕጣ እኮ ጉባኤው ፊት ነው የሚፈታ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲህ ማል።"

"ምን ብዬ?"

"እስከ ዛሬ ያነበብሁት ሁሉ የወጣው ነው በል።"

ላብ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ደሴ ላይ፣ ያውም በዚያ ብርድ። "አባቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አልሁ።

"ጨዋታ ከሆነ መማሉ ምን ይከብድሃል?"

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ ያለሁበትን አላህ ለጠላቴም አይስጥ። ፕላኔት በጉም ሸፍኛለሁ፣ ሰይድን በየሳምንቱ አስበልቻለሁ፣ ምላሴ አንድም ቀን አልያዘኝም። መሐላው ላይ ግን እንደ ሙጫ ተጣበቀ። አበጋር ፊት በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚገጥመው እየሰማን ነው ያደግነው። እጄን ለመሐላ አንሥቼ መልሼ አወረድሁት።

"ቆይ፣ እኔስ?" አለ መላኩ ቀስ ብሎ። "እኔ እውነቴን ነው የሞትሁት?"

"አንተ እውነትህን ነው።"

"እኔስ?" አለ ሰይድ።

"አንተማ ሁሌም።"

ከዚያ የሁሉም ዓይን ሐያት ላይ ሄዶ አረፈ። እሷም እጇን ከጉንጯ ላይ አነሣች።

"እኔስ?"

ጫማዬን አየሁ። ክሩ ተፈትቷል።

"ስንት ጊዜ?" አለች።

"...ሁልጊዜ።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ።" ይሄን መማል አልከበደኝም።

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም፤ ፊቷ ቀላ። "እኔ እኮ ለአገር ሰው ሁሉ ስፎክር ነው የከረምሁት! ለእህቴ ሳይቀር! አንተ ማነህና ነው በምሕረት የምታኖረኝ?" አለች። ሰይድ አፉን በአንገቱ ፎጣ ሸፈነ። ሸህ እንድሪስ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩና፣

"ዘሐራ፣ ይሄ የጂን ነገር አይደለም። ሌላ ነው" አሉ።

መሬት ብትከፈት በደስታ በገባሁ ነበር።

ከዚያ ፈረዱ። ካርቶኑ ከጠረጴዛው ላይ ይነሣ። የወጣው ዕጣ ይመለስ፣ ጣሳው ይነቅነቅ። ሐያት በገዛ እጇ ታውጣ፣ ሰው ፊት ትፍታ፤ የወጣው የወጣ ነው። እትዬ ዘሐራ ራሳቸው ጣሳውን ተቀብለው ነቀነቁት፤ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማል። ሐያት እጇን ሰደደች። መላኩ አማተበ። ሰይድ ፎጣውን ከአፉ ላይ አውርዶ መተንፈስ ረሳ። እኔ እንደፈራሁ ልንገራችሁ? አውሬው የኔ ነው፣ መርከቧን የሠራኋት እኔ፣ ቁጥሩን በገዛ እጄ የጻፍሁት እኔ፤ ግን ምን እንደሚወጣ አላውቅም፣ ብወድም ላተርፋት አልችልም።

ወረቀቱን አንዴ ገለጠችው፣ ሁለቴ ገለጠችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሁለት።

ወረቀቱን አንሥታ እንደገና አየችው።

"ምን ሆንሁ?" አለች በቀጭን ድምፅ።

"በሩን ከፈትሽ" አልሁ። ጀሪካኑን አላነሣሁትም፤ ድምፄ ራሱ ይበቃል። "እጅሽን ዘረጋሽለት። እሱም ያዘሽ። ጮኽሽ፤ የሚሰማ ግን የለም። በላሽ።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ እትዬ ዘሐራ፣ እውነተኛ ሞት እንደተረዳ ሰው ከልባቸው።

ሰይድ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ "ኧረ በአላህ፣ ልቤ ቆሞ ነበር! እኔ ፈርቻለሁ፣ ኳሱ ይቅር" አለ። መላኩም በነጠላው ጫፍ ግንባሩን ጠረገ። እኔ ግን የማየው እሷን ነው። ሐያት ተነሣች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ሸህ እንድሪስን እጅ ነሥታ ወጣችና ደጃፉ ላይ ጫማዋን ማጥለቅ ያዘች። ተከትያት ወጣሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ጎንበስ ብዬ፣

"አውፍ በይኝ" አልሁ። "በሚቀጥለው እሑድ ሐርቡ ነሽ?"

"ለምን ሐርቡ እሆናለሁ?" አለች ቀና ሳትል። "እመጣለሁ። ዶክተር ግን አልሆንም፤ ፍጡሩን የምሆነው እኔ ነኝ። አንተ መርከቧ ውስጥ ትገባለህ።"

"እሺ። ምን ሆኜ?"

ጫማዋን አጥልቃ ጨረሰች፤ ቀና ብላም ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ምሳ" አለችኝ።